በሐዋሳ ለፓርኪንሰን በሽታ ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብና በአግባቡ ለማዋል የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በሐዋሳ ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፣ ከቤተሰባቸው ወይም ከሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል በፓርኪንሰን የተያዘ ሰው ስላለ ለበሽታው ምርምር የበኩላቸውን ለማድረግ ለተነሡ ሰዎች ነው። ለአንድ ሕመምተኛ መታከሚያ ማዋጣት ሁላችንም የምናውቀው በጎ ሥራ ነው። ለምርምር ገንዘብ መስጠት ግን ገና ብዙ ያልተለመደ በመሆኑ፣ ገንዘቡን ከማሰባሰብ ይልቅ ምን ላይ እንደሚውል መወሰኑ ይከብዳል። ስለዚህም እዚህ የቀረበው ቅደም ተከተል ብዙዎች ከሚጠብቁት ይለያል። አስቀድሞ የምርምሩ ጥያቄ ይመረጣል፣ ቀጥሎ ተመራማሪው ይገኛል፣ ከዚያም በጀቱ ይሠራል፤ ገንዘብ ወደ መጠየቅ የሚገባው እነዚህ ካለቁ በኋላ ነው።

አንደኛ፦ በሽታውን በአንድ ገጽ ማስረዳት

ከማንኛውም ሥራ በፊት ለጋሹም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም፣ የዕድር ዳኛውም አንብቦ የሚረዳው አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዘጋጅ። ጽሑፉ ፓርኪንሰን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ ለማስተካከል የሚያገለግለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ የነርቭ ሴሎች ቀስ በቀስ እየሞቱ ሲሄዱ የሚከሰት በሽታ መሆኑን ያስረዳ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን የበሽታውን ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ1817 ጽፎ ካሳወቀ ሁለት መቶ ዓመታት አልፈዋል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሌቮዶፓ ዛሬም ዋነኛው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ መንቀጥቀጡን፣ መገተሩንና የእንቅስቃሴ መዘግየቱን ያቃልላል እንጂ የሴሎቹን ሞት አያስቆምም፤ ይህን የሚያስቆም መድኃኒት እስካሁን በየትኛውም አገር አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖሩ ነበር። በበሽታው ምክንያት የሚደርሰው የአካል ጉዳትና ሞትም ከሌሎች የነርቭ ሕመሞች ሁሉ በፈጠነ ሁኔታ እየጨመረ ነው።

አንባቢው በሽታውን የሚያውቀው ከቁጥሩ ይልቅ ከምልክቱ ስለሆነ፣ ገጹ ላይ ሰዎች በቤታቸው ሊያዩ የሚችሏቸው ምልክቶች ይጻፉ። እጅ የሚንቀጠቀጠው አብዛኛውን ጊዜ አርፎ ጭን ላይ ሲቀመጥ ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይተሻሻሉ። አንደኛው ክንድ በእርምጃ ጊዜ መወዛወዙን ይተዋል። የእጅ ጽሑፍ ከመስመሩ መጀመሪያ ወደ መጨረሻው እያነሰ ይሄዳል፤ በዚህም ምክንያት ለዓመታት በአንድ ፊርማ ሲገለገሉ የኖሩ ጡረተኛ ባንክ ሲሄዱ ፊርማቸው አልመሳሰል ብሎ ሊመለሱ ይችላሉ። መንቀጥቀጥ ከመታየቱ ከዓመታት በፊት የሽታ ስሜት ሊጠፋ ስለሚችል፣ አጠገባቸው የሚቆላው ቡና የማይሸታቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ምልክቶች ሁሉ «እርጅና ነው» ወይም «ነርቭ ነው» ተብለው ሲታለፉ ይኖራሉ። የሽታ መጥፋት ብቻውን ግን ፓርኪንሰን ማለት እንዳልሆነ፣ ምርመራውም የሐኪም ሥራ እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ጤነኛውን ሁሉ ያስደነግጣል።

ገጹ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ይዘጋጅ፤ ከመሰራጨቱ በፊትም አንድ የነርቭ ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት አይቶ ያርመው።

ሁለተኛ፦ የምርምሩን ጥያቄ መምረጥ

የሥራው ፍሬ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። «ለፓርኪንሰን ምርምር» ብሎ በጥቅሉ ገንዘብ ማሰባሰብ አይገባም፤ የተሰበሰበው ገንዘብ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ ለጋሹ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አዲስ መድኃኒት የማግኘት ሥራ በብዙ ሚሊዮን ዶላርና በብዙ ዓመታት የሚለካ በመሆኑ በአንድ ከተማ መዋጮ የሚገፋ አይደለም። በሌላ በኩል ግን ሌላ ማንም የማይመልስልን፣ መልሱ እዚሁ ካልተፈለገ በየትም የማይገኝ ጥያቄ ሞልቷል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ሥራ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ተሠርቷል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመስቃንና ማረቆ ወረዳ ቤት ለቤት እየሄዱ 60,820 ሰዎችን ያካተተ የነርቭ ሕመሞች ጥናት አካሂደው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። አሠራሩ እጅግ ብልህ ነበር፤ ሥልጠና የወሰዱ መረጃ ሰብሳቢዎች በመጠይቅ የተጠረጠሩትን ይለያሉ፣ ከዚያም የነርቭ ሐኪም እነዚያን ብቻ ይመረምራል። በዚያ ጥናት ፓርኪንሰን የተገኘባቸው ከመቶ ሺህ ሰው ሰባት ያህል ነበሩ። ቁጥሩ ዝቅተኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት የሕዝቡ ዕድሜ ወጣት መሆኑ ነው፤ በሽታው በአብዛኛው ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚመጣ ስለሆነ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ዕድሜ በብዙ ዓመታት ጨምሯል፤ ሐዋሳም እጅግ ሰፍታለች። ሠላሳ ዓመት ያለፈው የገጠር ቁጥር ለዛሬዋ ከተማ ሊያገለግል አይችልም።

ሁለተኛው ማስረጃ የመጣው ከናይጄሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና ናይጄሪያውያን ሕሙማን በብዛት የተሳተፉበት የዘረመል ጥናት፣ ጂቢኤ1 በተባለው ዘረመል ላይ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥና በአውሮፓውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል የማይታይ ልዩነት አግኝቷል። ለአሥርት ዓመታት አውሮፓውያንን ብቻ ሲመረምሩ የኖሩ ጥናቶች ይህን ሊያዩት አይችሉም ነበር። አፍሪካውያን ሕሙማን በምርምር ውስጥ ካልተካተቱ እኛን የሚመለከተው የበሽታው ገጽታ ሳይታወቅ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም።

እንዲህ ያለውን የዘረመል ጥናት ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም። የደም ናሙና ወደ ውጭ አገር መላክ ራሱን የቻለ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነትና ብሔራዊ ፈቃድ ይጠይቃል፤ አዲስ የተቋቋመ ኮሚቴ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሁለት ዓመት ሊጠፋበት ይችላል። ቤት ለቤት የሚደረገው ቆጠራም ሰፊ ናሙና ስለሚፈልግ ለሁለተኛው ዙር ቢቆይ ይሻላል። ለመጀመሪያ የሚበጀው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ አልቆ ውጤቱ ለውሳኔ የሚበቃ ጥያቄ ነው።

በእኔ ግምት ቀዳሚነት የሚገባው የመድኃኒት አቅርቦት ጥናት ነው። ሌቮዶፓ፣ ሥራውን ከሚያግዘው ካርቢዶፓ ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር የተዋሃደበት ጽላት በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኝ ቢሆንም፣ በዝርዝር መኖርና በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ መኖር አንድ አይደሉም። ጥናቱ በከተማው ያሉትን የሆስፒታል፣ የማኅበረሰብና የግል መድኃኒት ቤቶች መዝግቦ፣ በየወሩ በተወሰነ ቀን መድኃኒቱ መኖሩን፣ መጠኑንና ዋጋውን ይጽፋል። ከዚያም የአንድ ወር መድኃኒት ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው የመንግሥት ሠራተኛ የስንት ቀን ደመወዝ እንደሚፈጅ ያሰላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ለመድኃኒት ተደራሽነት የሚሠራው ሄልዝ አክሽን ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት ለዚህ ዓይነት ጥናት ያዘጋጁት የታወቀ ዘዴ ስላለ ተመራማሪው ከባዶ አይነሣም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ሕመምተኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአልጋ መነሣት እስኪያቅተው ሊደርስ እንደሚችል፣ ድንገተኛ ማቋረጥም ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሊያስከትል እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው፣ የዚህ ጥናት አስፈላጊነት ማብራሪያ አይፈልግም።

ሌላው አማራጭ፣ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ትክክለኛው ምርመራ ድረስ ሕሙማን ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅባቸውና በመሐል ወዴት ወዴት እንደሚሄዱ መጠየቅ ነው። ይህ ከሕሙማንና ከአስታማሚዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ስለሚሠራ ወጪው አነስተኛ ነው።

ጥያቄው ሲመረጥ በጉባኤው ላይ ቢያንስ አንድ ሕመምተኛና አንድ አስታማሚ ድምፅ ይዘው ይቀመጡ። አባባ ወይም እማማ ድምፃቸው ዝግ ስላለና ንግግራቸው ስለተጎተተ ብቻ አሳባቸው እንዳይታለፍ፣ ሰብሳቢው ጊዜ ሰጥቶ ማድመጥ ይጠበቅበታል። ስብሰባውም መድኃኒታቸው በሚሠራላቸው ሰዓት፣ ማለትም እነርሱ በሚመርጡት ጊዜ ይጠራ።

ሦስተኛ፦ ሕጋዊ መሠረት መያዝ

ከሕዝብ ገንዘብ መሰብሰብ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከሚያውቃቸው አደረጃጀቶች መካከል ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚቀርበው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለበጎ አድራጎት ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ሲሰባሰቡ በዚህ መልክ ፈቃድ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሥራው ለዓመታት የሚቀጥል ከሆነ ማኅበር ማቋቋም ይሻላል፤ ለዚህም ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ። አዋጁ በሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎች የሚሠሩ ድርጅቶችን የሚገዛ በመሆኑ፣ በሲዳማ ክልል ብቻ ለመንቀሳቀስ ያሰበ ስብስብ አስቀድሞ በክልሉ ሕግ መሠረት የትኛው ቢሮ እንደሚመዘግበው በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ፋይል ውስጥ ያስቀምጥ።

ሦስተኛ መንገድም አለ። በአዲስ አበባ የፓርኪንሰን ሕሙማንን ለመደገፍ የተቋቋመ አገር በቀል ድርጅት ስላለ፣ ወይም በከተማው ተመዝግቦ የሚሠራ ሌላ በጎ አድራጎት ድርጅት ስለሚገኝ፣ ከእነዚህ በአንዱ ጥላ ሥር መሥራት አዲስ ምዝገባ ከሚወስደው ጊዜ ያድናል። በዚህ መንገድ ከተሄደ ገንዘቡ በተለየ ሂሳብ እንዲያዝና ለምርምሩ ብቻ እንዲውል በጽሑፍ መስማማት ግድ ነው።

አራተኛ፦ ተመራማሪውን ማግኘት

በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶችና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ይገኛሉ፤ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉም ከዚያው ጋር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ለኮሌጁ ዲን ወይም ለምርምር ክፍሉ ይጻፍ እንጂ በትውውቅ ለአንድ መምህር አይሰጥ። ደብዳቤው ጥያቄውን፣ ጊዜውንና የገንዘቡን ጣሪያ ገልጾ ፕሮፖዛል የማቅረቢያ ቀን ይወስን። በፋርማሲ ወይም በኅብረተሰብ ጤና የማስተርስ ትምህርት ላይ ያሉ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚሠሩት ጥናት በአነስተኛ ገንዘብ ብዙ ሥራ ሊያስገኝ ስለሚችል፣ አማካሪ መምህሩ ኃላፊነቱን በፊርማ እስከወሰደ ድረስ ይህን በር ክፍት መተው ጥሩ ነው።

የቀረቡትን ፕሮፖዛሎች ሦስት ሰዎች ለየብቻቸው አንብበው ነጥብ ይስጡ። ከሦስቱ አንዱ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ባለሙያ፣ አንዱ ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ ይሁን። ከአመልካቹ ጋር የሥጋ ዝምድና ወይም የሥራ ግንኙነት ያለው አንባቢ ራሱን ያግልል፤ መገለሉም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

አምስተኛ፦ በጀቱን ማንበብ

በጀት ሲቀርብ ኮሚቴው በጠቅላላ ድምሩ ላይ ከመከራከር ይልቅ እያንዳንዱን መስመር ይጠይቅ። የመረጃ ሰብሳቢዎች የውሎ አበል ስንት ሰው በስንት ቀን ተባዝቶ ነው? ታብሌት የሚገዛ ከሆነ ጥናቱ ሲያልቅ የማን ንብረት ይሆናል? መጠይቁን ወደ ሲዳሙ አፎ የሚተረጉመውና መልሶ የሚያመሳክረው ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር ወጪ ምን ያህል ይቀንሳል? ለጥናቱ ተሳታፊዎች የትራንስፖርት ወጪ ተይዟል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በሽታው የሚጠናበት አቅመ ደካማ ሰው ለባጃጅ ከኪሱ እንዲከፍል ማድረግ ግን ነውር ነው።

የዋጋ ለውጥን ለመቋቋም የመጠባበቂያ መስመር ይኑር። ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ አዋጁ ስለሚደነግግ፣ የኮሚቴው የራሱ ወጪም ከዚህ ጣሪያ በእጅጉ ዝቅ እንዲል ከመጀመሪያው ይወሰን።

ስድስተኛ፦ ገንዘቡን መጠየቅ

የባንክ ሂሳቡ በኮሚቴው ወይም በድርጅቱ ስም ተከፍቶ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ጥምር ፊርማ ይንቀሳቀስ። በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ ወይም በአንድ ሰው የቴሌብር ቁጥር አንድም ብር መሰብሰብ አይገባም። ለእያንዳንዱ ገቢ፣ ሃምሳ ብርም ቢሆን፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጥ።

በዕድር የሚቀርበው ጥያቄ አጭርና ሐቀኛ ይሁን። ለአብነት ያህል እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ የዛሬው ልመናችን ለአንድ ሕመምተኛ መታከሚያ አይደለም። በከተማችን የፓርኪንሰን መድኃኒት መቼ እንደሚገኝ፣ መቼ እንደሚጠፋና ስንት እንደሚሸጥ በዩኒቨርሲቲው ባለሙያዎች ለአንድ ዓመት አስጠንተን ለጤና ቢሮ ለማቅረብ ነው። ጥናቱ በሽታውን አያድንም፤ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ የሚጠይቅ ሰው ግን ማስረጃ በእጁ እንዲኖረው ያደርጋል። የሚያስፈልገው ይህን ያህል ነው፤ እስካሁን የተገኘው ይህን ያህል ነው፤ ከእናንተም የቻላችሁትን እንለምናለን።» ጥናቱ ፈውስ እንደሚያመጣ የሚያስመስል ቃል ለሕሙማንም ለለጋሾችም በደል ስለሆነ ከንግግሩም ከፖስተሩም ይውጣ። የሚንቀጠቀጡ አረጋውያንን ቪዲዮ እያሳዩ ርኅራኄ መቀስቀስም አይፈቀድ፤ ሕመምተኛው ራሱ ወይም ራሷ ፈቅደው ሊናገሩ ሲፈልጉ በክብር መድረክ ይሰጣቸው።

ለሆቴሎች፣ ለፋብሪካዎችና ለነጋዴዎች የሚጻፈው ደብዳቤ ከግንቦት በፊት ይድረስ። የብዙዎቹ የሂሳብ ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ ከዚያ በፊት የተሰጠ ልገሳ በዚያው ዓመት ሂሳብ ይገባል። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ በተቀናሽነት ይቀበል ስለነበር፣ ነጋዴው በሥራ ላይ ባለው ማሻሻያ መሠረት እንዲያጣራና ሕጋዊ ደረሰኙን እንዲይዝ በደብዳቤው ይገለጽለት።

ሕዝባዊ ዝግጅት ከተፈለገ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን የሚከበርበት ሚያዝያ 3 (ኤፕሪል 11፣ የጄምስ ፓርኪንሰን የልደት ቀን) ተስማሚ ነው። በሐይቁ ዳር የእግር ጉዞ ቢዘጋጅ መንገዱ አጭር፣ ደልዳላና በየመሐሉ መቀመጫ ያለው ይሁን፤ ሕሙማኑ ራሳቸው የማይሄዱበት ጉዞ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤኤልኤስ ለተባለው ሌላ የነርቭ ሴሎች መሞት በሽታ በአሜሪካ በረዶ የተቀላቀለበት ውኃ ራስ ላይ በማፍሰስ የተካሄደው ዘመቻ ለኤኤልኤስ ማኅበር በጥቂት ሳምንታት 115 ሚሊዮን ዶላር አስገኝቷል። ከዘመቻው ገንዘብ ድጋፍ ያገኘ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2016 ኔክ1 የተባለው ዘረመል ከበሽታው ጋር ያለውን ግንኙነት አሳይቷል። ልንወስደው የሚገባን ትምህርት የውኃው ትርኢት አይደለም፤ ገንዘብ ሲገባ የሚቀበለው የምርምር ሥራ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው።

ሰባተኛ፦ ውል መፈራረምና ገንዘቡን መልቀቅ

ውሉ በኮሚቴውና በዩኒቨርሲቲው መካከል ይፈረም፤ ገንዘቡም ወደ ዩኒቨርሲቲው የፕሮጀክት ሂሳብ እንጂ ወደ ተመራማሪው የግል ሂሳብ አይግባ። የመንግሥት ተቋም የግዥ ሥርዓት ጊዜ የሚወስድ መሆኑን አምኖ የጥናቱን መጀመሪያ ሁለት ወር ለዚያ መተው አስተዋይነት ነው።

አንድም ብር ከመለቀቁ በፊት የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ ቅጂ ኮሚቴው እጅ ይግባ። የፈቃደኝነት ቅጹ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ተነቦ፣ በገለልተኛ ምስክር ፊት እንዲረጋገጥ ይደረግ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች በጣት አሻራ እንዲፈርሙ የሚያስችል ቦታም በቅጹ ላይ ይኑር።

ክፍያው በሦስት ዙር ቢሆን ይመረጣል። ለማስረዳት ያህል የ400,000 ብር ጥናት ቢሆን፣ 160,000 ብር የሥነ ምግባር ፈቃዱ ሲቀርብ፣ 160,000 ብር የግማሽ ዓመቱ መረጃና የወጪ ሪፖርት ሲታይ፣ ቀሪው 80,000 ብር ደግሞ የመጨረሻው ሪፖርት ሲገባ ይለቀቃል። ለጋሾች በግኝቱ ላይ ምንም ሥልጣን እንደሌላቸው በውሉ ይጻፍ። መድኃኒት አስመጪ ወይም መድኃኒት ቤት የለገሰ ከሆነም ስሙ በሪፖርቱ ላይ በግልጽ ይውጣ።

ስምንተኛ፦ መከታተልና ውጤቱን መመለስ

ኮሚቴው በየሦስት ወሩ አንድ ገጽ የሂሳብ መግለጫ በየዕድሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ፤ በዓመቱ መጨረሻም የውጭ ኦዲተር ሂሳቡን ይመርምር። ተመራማሪው ሥራው ቢዘገይበት ምክንያቱን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ኮሚቴውም በስልክ እየጨቀጨቀ ውጤት እንዲጣደፍ አያድርግ።

ውጤቱ የተጠበቀውን ባያሳይም ይታተማል። ለምሳሌ መድኃኒቱ ዓመቱን ሙሉ እንደማይጠፋ፣ ችግሩ ዋጋው ብቻ መሆኑ ቢታወቅ፣ ይህም ለጤና ቢሮውና ለጤና መድኅን ኃላፊዎች የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ጽሑፉ ማንም ሰው ሳይከፍል ሊያነበው በሚችል መጽሔት እንዲወጣ የኅትመት ክፍያው አስቀድሞ በበጀት ይያዝ። ለጥናቱ ተሳታፊዎችና ለዕድሮቹ ደግሞ ተመራማሪው ራሱ ቀርቦ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ያስረዳ፤ በዚያ ስብሰባ ላይ የጤና ቢሮውና የመድኃኒት ቤቶች ተወካዮች እንዲገኙ የጥሪ ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ይላክላቸው። ከጥናቱ የተረፈ ገንዘብ ካለ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እንዲዞር ወይም በፈቃዱ ላይ በተገለጸው መሠረት እንዲውል ጠቅላላ ጉባኤው በዚያው ዕለት ይወስን፤ ውሳኔውም ከኦዲት ሪፖርቱ ጋር ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ይላክ።